በማሞቂያው ላይ ያለው ቀይ ነጥብ

ኅዳር 9፣ ሰኞ

እኔ፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት፣ አእምሮዬ ጤነኛ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳያባብለኝ፣ በዚህ ደብተር ፊት ቀርቤ የሚከተለውን የእምነት ቃል እሰጣለሁ፦ ዛሬ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ የሳሎኑን ማሞቂያ ከሁለት ወደ ሦስት ከፍ አድርጌአለሁ። ድርጊቱን የፈጸምኩት አስቤበት ነው። አልጸጸትም። ጣቶቼም አይጸጸቱም።

ወንጀሉ ቀላል እንዳይመስል። አባቴ በእናቴ ቀይ የጥፍር ቀለም ማሞቂያው ላይ፣ ቁጥር ሁለት ጋ፣ ነጥብ አድርጓል። ከነጥቡ ማለፍ ድንበር መጣስ ነው። አገር ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለነበር ድንበር ይወዳል። እዚህ አውቶቡስ ያጥባል። ማታ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ሳሎኑ መሃል ቆሞ አየሩን ያሸታል።

"ቤቱ ይሞቃል" አለ።

ሁላችንም ጸጥ። "ዝም አይነቅዝም" እያለ ያሳደገን ራሱ ነው።

"ማነው የነካው?"

"እኔ አይደለሁም" አለ ድንቡሼ፣ የስድስት ዓመት ወንድሜ፣ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ። ከሃዲ።

ያዳኑኝ ክቡር ፍርድ ቤቱ ናቸው። ክቡር ፍርድ ቤቱ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ፊት ለፊት ጋሼ እላቸዋለሁ። ዕድሜ ልካቸውን ዳኛ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ "ለሁለት ሳምንት ልያችሁ" ብለው መጡ። ይኸው ሰባተኛ ወራቸውን ይዘዋል፤ ሁለት ሳምንቱ ገና አላለቀም። የሚተኙት በእኔ ክፍል፣ በእኔ አልጋ ላይ ነው። እኔና ድንቡሼ ሳሎን ሶፋው ላይ፣ የእኔ ራስ የእሱ እግር ጋ፣ የእሱ እግር የእኔ አፍንጫ ጋ።

"ማስረጃ አለ?" አሉ ከካፖርታቸው ውስጥ አንገታቸውን አስግገው።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ማሞቂያውን ወደ ነጥቡ መለሰ።

"እንግዲያው ተጠርጣሪዎች በሙሉ በነፃ ይሰናበቱ።"

ይህን የምጽፈው መታጠቢያ ቤት ነው። ቁልፍ ያለው በር እዚህ ብቻ ነው። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የምጽፈው ደግሞ አባቴ አገር ቤት ላለችው አክስቴ በስልክ "ልጅቷ ወሩን እንኳ ረስታለች" ሲል ስለሰማሁት ነው። አልረሳሁም። ይኸው ኅዳር።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ክፍል ውስጥ ነኝ፣ መምህሩ ጀርባውን ሰጥቷል፣ ቶሎ ቶሎ።

ጠዋት እትዬ ቁልፍ መጣች። አከራያችን። ምድር ቤት ትኖራለች፤ የቁልፍ ዘለላዋ ከእሷ ቀድሞ ይሰማል። ከመጋቢት ጀምሮ ኪራይ ትጨምራለች። አራት ሰው ከሆንን እንደ ነገሩ። አምስት ከሆንን እጥፍ።

ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። አባቴና እናቴ በዚህ አገር ቋንቋ ዳቦ መግዛትና ይቅርታ መጠየቅ ይችላሉ። ክርክር ሲመጣ እኔ እጠራለሁ።

ከዚያ በሩ ጋ ያሉትን ጫማዎች ቆጠረች። የክቡር ፍርድ ቤቱ ጫማ መርከብ ነው።

"ይሄ የማነው?"

"የእንግዳ ነው በያት" አለች እናቴ።

"መቼ መጣ?"

"ትናንት" አለች እናቴ። ዓይኗ እንኳ አልተርገበገበም። እኔ ስዋሽ ግን ጆሮዬን የምትጠመዝዘው እሷው ናት

መምህሩ ዞረ

ኅዳር 15፣ እሑድ

የመታጠቢያ ቤቱና የወጥ ቤቱ ግድግዳ ወረቀት ነው። አላደመጥኩም። ጆሮዬ ግድግዳው ላይ ዐረፈ እንጂ።

"እጥፉን ከየት እናመጣለን?" እናቴ ናት። የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ውላ ስለምትመጣ ማታ ማታ ድምጿም እንደ እንፋሎት ይሳሳል።

"አላውቅም።"

"ጋሼን ብትነግራቸውስ?"

"ምን ብዬ? ያስተማረኝን ወንድሜን፣ ከቤቴ ውጣ ብዬ? በምን አፌ?"

"እኔማ ከአንተ ይብሳል። አማት እንደማለት ናቸው። 'ሚስቱ አስወጣችኝ' ቢሉስ? አገር ምን ይለናል?"

ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ይሰማል። ስኳር እንደሌለው ደግሞ አውቃለሁ።

"ፌንጣ አገር ቤት እህቴ ጋ ትሂድ" አለ አባቴ። "ለጊዜው። ትንሹ ከእናቱ መለየት አይችልም። እሷ ትልቅ ናት። ትረዳለች።"

ፌንጣ እኔ ነኝ። ከአንዱ ጥፋት ወደ ሌላው ስለምዘል ነው ይላሉ።

እናቴ መልስ አልሰጠችም። እምቢ አላለችም ማለት ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን ላስረዳ። ከአምስት ሰው አንድ መቀነስ አለበት። ጋሼን ማስወጣት ይሉኝታ ይከለክላል። ድንቡሼን ዕድሜው። የቀረሁት እኔ፣ ማንም ይሉኝታ የማይዝልኝ ብቸኛዋ ሰው ነኝ። ሊኮሩብኝ ይገባል፤ በዚህ ቤት ሳያፍሩ የሚያባርሩት ዘመድ ማግኘት ቀላል አይደለም።

አልሄድም። ስድስት ዓመት ሙሉ አፌን አጣምሜ የተማርኩትን ቋንቋ፣ ገና ባለፈው ዓመት መሳቅ የጀመሩልኝን ጓደኞቼን ጥዬ አልሄድም። ነጥብ። ቀይ ነጥብ።

ቧንቧው ይህን ያህል ተከፍቶ የቆየው ፊቴን ስለታጠብኩ ነው። አራት ጊዜ ታጠብኩ። ንጹሕ ሰው ነኝ።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ዕቅድ፦ ርካሽ ሰው መሆን። እንዲህ ወጪ የሌለባትን ልጅ ማን ይልካል?

አውቶቡስ ትቻለሁ፣ በእግሬ እሄዳለሁ። ምሳ "ትምህርት ቤት በላሁ"። ሻምፑ ለምኔ፣ ሳሙና አለ።

ተረከዜ ላይ ያለው ቁስል ከስፖርት ነው። እናቴ ጠይቃለች፣ እንደዚያ ብያታለሁ።

ኅዳር 29፣ እሑድ

ዛሬ እራት ላይ ታሪክ ተሠራ። ድንችና የተቀቀለ እንቁላል ነበር። ሁላችን አንድ አንድ በላን፤ አንድ እንቁላል ተረፈ።

እናቴ ለክቡር ፍርድ ቤቱ አቀረበችላቸው። "በሞቴ ጋሼ።"

"ኧረ በዚህ ዕድሜ ማታ እንቁላል ይከብደኛል። ለወንድሜ፣ ሲለፋ የዋለ እሱ ነው።"

"እኔ ሥራ ቦታ በልቻለሁ" አለ አባቴ። ሥራ ቦታው የሚበላ ነገር ቢኖር ሳሙና ነው። አባቴ "ዶክተር እግር ጉዞ አዞልኛል" ካለም ሁለት ሳምንት ሆነው፤ የትኛው ዶክተር እንደሆነ አይታወቅም። "ለፌንጣ ስጧት።"

"እኔ እንቁላል ትቻለሁ" አልኩ። "ሽታው ያቅለሸልሸኛል።" ይህን ስል አፌ ውሃ ሞልቶ ነበር።

እናቴ ግንባሬን ዳበሰች። "ከመቼ ጀምሮ?" ከዚያ እሷም እንቁላሉን ገፋችው። "እኔንም አላሰኘኝም።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እንቁላሉ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ዞረ። እንደዚያ የተከበረ እንቁላል በምድር ላይ የለም። በመጨረሻ ድንቡሼ "ለምንድን ነው የምታዞሩት?" ብሎ አንስቶ ዋጠው። በቤታችን ጤነኛ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ልብሴ እርጥብ ነው። የሕንፃውም ደረጃ እርጥብ ነው። ከመጀመሪያው ልጀምር።

አባቴ ሥራ፣ እናቴ ገበያ ነበሩ። የወጥ ቤታችን ቧንቧ ይንጠባጠባል፤ ክቡር ፍርድ ቤቱ ተንበርክከው በጨርቅ ሊያስሩት ይታገላሉ። በሩ ተንኳኳ፤ እትዬ ቁልፍ ሳትጋበዝ ገባች።

"እንግዳው አልሄደም?"

"እንግዳውማ ድሮ ሄደ" አልኩ። ምላሴ ከአእምሮዬ ይቀድማል። "እሳቸው ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው።"

"ቧንቧ ሠራተኛ? እንዴት ያለ ዕድል ነው! የእኔም ይንጠባጠባል። ይውረዱልኝ።"

"ምን አለች?" አሉ ክቡር ፍርድ ቤቱ፣ ከማጠቢያው ሥር።

ምን ልበል? "ሻይ ልትጋብዝዎት ነው።"

ከረባት አሠሩ። ፀጉራቸውን አበጠሩ። ወረድን። እትዬ ቁልፍ በአክብሮት ተቀብላ ትልቅ መፍቻ አስጨበጠቻቸው።

"ልጄ" አሉኝ በጆሮዬ፣ "በዚህ አገር ሻይ በመፍቻ ነው የሚጠጣው?"

ያኔ እውነቱን አንሾካሾክኩላቸው። እንዲህ አዩኝ፣ ከመነጽራቸው በላይ። እንውጣ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ "አሁን አልችልም ብል ሴትዮዋን ማሳፈር ነው፤ ፊቷን አላየሽም እንዴት ደስ እንዳላት?" ብለው ተንበረከኩ። ቧንቧ የማያውቁ ሰው፣ ይሉኝታ ይዟቸው፣ የሰው ቧንቧ ሊፈቱ!

"ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ?"

"ስልኬ ላይ ልፈልግ፣ ቆይ—"

"ቀኝ ሁልጊዜ ከፍትሕ ጋር ነው" ብለው አዞሩት።

ውሃው ጣሪያ መታ። ክቡር ፍርድ ቤቱ ከረባታቸውን ፈትተው ቧንቧው ላይ ጠመጠሙ፤ እኔ በባልዲ፣ እትዬ ቁልፍ በጩኸት። በዚህ መሃል አባቴ ከሥራ ሲመለስ ጩኸቱን ሰምቶ ዘሎ ገባ። "ጋሼ! ወንድሜን! ምን ሆኑብኝ?" ብሎ በዚያ ውሃ ውስጥ አቀፋቸው።

እትዬ ቁልፍ ቋንቋው አልገባትም። መተቃቀፉ ግን ገባት። ቀስ ብላ ዓይኗን ወደ ጫማቸው አወረደች። ያንን መርከብ አወቀችው።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ሕንፃው በሙሉ ውሃ የለውም። ጎረቤት በደረጃው ሲወርድ ያየኛል። ማንም አይስቅም።

ሁሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሊልኩኝ ምክንያት ይፈልጉ ነበር፤ በባልዲ ቀድቼ ሰጠኋቸው።

ፊቴን የምታጠብበት ውሃ እንኳ የለም።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

በዝግታ ልጻፈው።

እትዬ ቁልፍ ማታ መጣች። ሁላችንም ነበርን። ተቀመጪ ብትባል እምቢ አለች። ቆማ፣ አንድ በአንድ፣ እኔን እያየች ተናገረች፦ "ሽማግሌው እስከ ወሩ መጨረሻ ከዚህ ሕንፃ ይውጣ። ካልወጣ ሁላችሁም ትወጣላችሁ። እሱ ከወጣ አራት ናችሁ፤ እንደ አራት ሰው ትከፍላላችሁ። ቧንቧውንም ይቅር ብያለሁ። ንገሪያቸው።"

ሁሉም ወደ አፌ ዞሩ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስመኘው የነበረ ዓረፍተ ነገር ነው። የእኔ ቃል እንኳ አይደለም፤ እኔ አፍ ብቻ ነኝ። አስተርጓሚ አይወቀስም። ልናገረውና ጋሼ ይወጣሉ፣ እኔ እቀራለሁ፣ ማንም ይሉኝታውን አላጎደለም።

አፌን ከፈትኩ። ክቡር ፍርድ ቤቱ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ተማሪ ይጠብቃሉ። የቅዳሜው ከረባታቸው ማሞቂያው ላይ ተሰጥቷል፤ ማሞቂያው ሁለት ላይ ስለሆነ እስከ ዛሬ አልደረቀም።

"ምን አለች?" አለ አባቴ።

"ብርዱ ዘንድሮ ይበረታል ትላለች።"

"ይህን ሁሉ አውርታ?"

"ቋንቋቸው ረዥም ነው።"

እኔ! ይሉኝታ የሌለኝ፣ ምላሴ የሚቀድመኝ እኔ! ከየት እንደተጋባብኝ አላውቅም። ያው፣ እንቁላሉ ሲዞር ነክቼው ነበር።

ያኔ ክቡር ፍርድ ቤቱ ተነሡ። የካፖርታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። እና በእሷ ቋንቋ፣ በእትዬ ቁልፍ ቋንቋ፣ ልክ እንደ ድንቡሼ የንባብ መጽሐፍ፣ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው እያስቀመጡ ተናገሩ፦ "እመቤት። ገብቶኛል። እኔ እሄዳለሁ። ልጆቹ ይቀራሉ። ውሃው፣ የእኔ ጥፋት።"

ጠዋት ጠዋት ከድንቡሼ ጋር ሲያነቡ የሚያስተምሩት እሳቸው ይመስሉኝ ነበር።

የቁልፎቹ ድምፅ ቆመ። "መልካም" አለች እትዬ ቁልፍ፤ ወጥታም በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

"ጋሼ! ምን አሏት? ምን ተባባላችሁ?" አለች እናቴ።

ክቡር ፍርድ ቤቱ አዩኝ። "ልጅቷ እንዳለችው ነው" አሉ። "ብርዱ ይበረታል።"

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። አብረን ቁጭ አልን።

"ቃሉን ለምን አጣመምሽው?"

"እርስዎስ ለምን ዝም አሉ? ለእናትና አባቴ አልነገሩም።"

"ጥያቄ በጥያቄ አይመለስም። ለማንኛውም፣ የእኔም ክፍል ከወጥ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። አንቺን ሊልኩ እንደሆነ የዚያኑ ማታ ሰምቻለሁ።"

"እና?"

"እናማ ልነግራቸው ተነሣሁ። የአንድ መጋዘን ጥበቃ ሥራ፣ ማደሪያ ክፍል ያለው፣ አንድ ወዳጄ ከያዘልኝ ቆይቷል። ልውጣ ልል ስል እናትሽ ብርድ ልብስ ልትደርብልኝ መጣች። የራሷን ነው ያመጣችው። እንዴት ይባላል? 'ምን አጎደልንብዎት?' ትለኛለች። ወንድሜስ? ሰው 'ተከፍቶ ከወንድሙ ቤት ወጣ' ቢለውስ? ነገ ነገ ስል…"

"እነሱም እኮ ውጡ ማለት አፍረው ነው!"

ክቡር ፍርድ ቤቱ መነጽራቸውን አወለቁ። "ይኸውልሽ" አሉ፣ "ሁለት ወገን ተከባብረው፣ ተከባብረው፣ አንድ ልጅ ሊያስወጡ። እንዲህ ያለ ክርክር ችሎት ፊት ቀርቦልኝ አያውቅም።"

ሳቅን። እኔ ትንሽ አብዝቼ ስለሳቅኩ ዓይኔ ውሃ አወጣ። ከሳቁ ነው።

"በይ አሁን ተነሺ" አሉ። "ከዛሬ ጀምሮ ምሳሽን ትበያለሽ። ቦርሳሽ ውስጥ ዳቦ ከትቻለሁ። ስለ ተረከዝሽም ስፖርት ነው አትበይኝ።"

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ፍርዱ ተነበበ። ክቡር ፍርድ ቤቱ ሁላችንንም አስቀመጡና ሥራውን፣ ክፍሉን፣ የእትዬ ቁልፍን ቃል ሳይቀንሱ ተናገሩ።

እናቴ ፊቷን በመሀረብ ይዛ "ምን አጎደልንብዎት ጋሼ?" አለች። ቃል በቃል! ከጋሼ ጋር ተያየን።

አባቴ ግን ተቆጣ። "እኔ በሕይወት እያለሁ? ዳኛ የነበረ ሰው ዘበኛ ሊሆን?"

"አንተስ አስተማሪ የነበርክ ሰው አይደለህም? አውቶቡስ ማጠብ አሳነሰህ?"

"እኔ ሌላ ነኝ!"

"ምንህ ሌላ ነው? የአንድ እናት ልጆች ነን።"

"አይሆንም ብያለሁ ጋሼ! ሴትዮዋን ለምነን አራት ሰው እንሆናለን። አንድ መላ አለኝ።"

"መላው እኔ ነኝ አይደል?" አልኩ።

ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

"ሰምቻለሁ አባባ። ለአክስቴ ልትልከኝ ነው። አልሄድም። ቅዳሜና እሑድ ሥራ እፈልጋለሁ፣ ለጎረቤት ሁሉ አስተረጉማለሁ፣ ሶፋውም ይስማማኛል። ግን እኔ ትልቅ ስለሆንኩ አይደለም የምትልኩኝ። ስለማታፍሩኝ ነው።"

አባቴ ተነሥቶ መታጠቢያ ቤት ገባና ቧንቧውን ከፈተ። ብዙ ቆየ። አባቴም ንጹሕ ሰው ነው።

ሲወጣ ማንንም ሳያይ የክቡር ፍርድ ቤቱን ሻንጣ ከአልጋዬ ሥር አወጣና በጨርቅ ይወለውል ጀመር። እንደ አውቶቡስ፣ ጥግ ጥጉን።

ጥር 4፣ እሑድ

አሁን የምተኛው አልጋዬ ላይ ነው፣ የምጽፈው ግን ዛሬም መታጠቢያ ቤት ሆኜ ነው፤ ልማድ ነው።

ጭማሪው አልቀረም። እናቴ ቅዳሜንም ትሠራለች። እኔ ለሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ከእትዬ ቁልፍ ጋር ክርክራቸውን አስተረጉማለሁ፤ አሁን ሳላጣምም፣ ትንሽ ብቻ እያለሰለስኩ። እንወጣዋለን። ቀላል ነው አላልኩም፣ እንወጣዋለን ነው ያልኩት። አባቴም ትናንት ለአክስቴ በስልክ "አትመጣም… የለም፣ ጠባይዋማ አልተሻሻለም… እዚህ ታስፈልገኛለች" ሲል ሰማሁት። ግድግዳውን አመሰግናለሁ።

ዛሬ ክቡር ፍርድ ቤቱ ለምሳ መጡ። ሁለት ካፖርት ደርበዋል። ማደሪያቸው ማሞቂያ እንደሌለው ድንቡሼ አውጣጣቸው። "ብርድ ለአእምሮ ጥሩ ነው" አሉ። ጣታቸው ግን ሰማያዊ ነበር።

እንግዲህ ሁለተኛ የእምነት ቃሌን እሰጣለሁ። ከምሳ በኋላ፣ ሁሉም ወጥ ቤት ሳሉ፣ የአባቴን ቀይ ነጥብ በጥፍሬ ፋቅሁት። የእናቴን ቀለም ወስጄ አራት ቁጥር ጋ አዲስ ነጥብ አደረግሁ፤ መዘውሩንም እዚያው ላይ አቆምኩት። ድንበር አልጣስኩም። ድንበሩን ነው ያዛወርኩት። (ይህ ገጽ ላይ ያለው ቀይ ነገር ደም አይደለም፤ ቀለሙ አልደርቅ ብሎ ነው።)

አባቴ ገባ። ሳሎኑ መሃል ቆመ። አሸተተ።

"ቤቱ ይሞቃል።"

ወደ ማሞቂያው ሄዶ ጎንበስ አለ። ነጥቡን አየ። ከዚያ ማሞቂያው ላይ የተዘረጉትን የወንድሙን እጆች አየ።

"ነጥቡ ላይ ነው" አለና ጫማውን አወለቀ።

ድል! ማስረጃ የለም፣ ምስክር የለም፣ ድንቡሼም በብስኩት ተገ

በሩ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ በዝግታ፣ እንደ ችሎት መዶሻ።

"የዚህ በር እጀታ" አለ ድምፁ፣ "ምነው ቀይ የአውራ ጣት አሻራ አለበት?"

ኧረ ጉድ። እጀታውን ረሳሁት።

"ተከሳሽ ፌንጣ!"